ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፥ በባዕድ አገር ያደገው ሕፃን

ሕፃን ብቻውን ሊያድግ አይችልም። የሚያበላው፥ የሚያለብሰውና የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን እህልና ልብስ ብቻ አይበቁትም፤ ስሙንና ወገኑን ደግሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህም ነገር በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ታይቷል።

ወርቅነህ በጎንደር ከተማ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ ላይ የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ተጣልተው፥ በአገሩ የተገኙትን የእንግሊዝ ሰዎች በመቅደላ አምባ አሰሯቸው። ስለዚህም እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ብዙ ሠራዊት ላኩ። ይህ ሠራዊት የተነሣው ከህንድ አገር ነበር፤ ህንድን በዚያን ጊዜ የሚገዟት እንግሊዞች ነበሩና።

የወርቅነህም ወላጆች ሕፃኑን ይዘው ያን ጊዜ በመቅደላ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ እጃቸው ሞቱ። በዚያ ቀን ሁከቱ ብዙ ነበር። ሰው ሁሉ ነፍሱን ለማዳን ወዲያና ወዲህ ሲሯሯጥ እናት ከልጇ ተለየች። ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ሕፃን ወርቅነህም ወላጆቹን አጥቶ ብቻውን ቀረ። የእንግሊዝ መኮንኖች አገኙት። ጦሩ ክረምት ሳይገባ ወደ ባሕር ለመድረስ ይቸኩል ነበር። ቻምበርሌይን የሚባል ኮሎኔል ሕፃኑን ከርሱ ጋራ ወስዶ ባሕር አሻግሮ ወደ ህንድ አደረሰው። በዚያው ሰሞን መቅደላ በእሳት ተቃጠለች።

ከዚያው አምባ ሌላ ልጅ ደግሞ ተወስዷል። እርሱም የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሳሉ ሞቱ፤ ልጁም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደደችው፤ በታላላቅ ትምህርት ቤቶችም ተማረ፤ ምግብና ልብስ አልጐደለበትም። አያቱ ወይዘሮ ላቂያየ ግን በኢትዮጵያ ሆነው በናፍቆት ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። ልዑሉ ወገኖቹን ሳያይ በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። የወርቅነህ ነገር ግን በሌላ መንገድ ሄደ።

በህንድ አገር ሕፃኑን ለማሳደግ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ኮሎኔል ቻምበርሌይን ተንከባከበው፤ ኋላም ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ዋጋ ይከፍል ጀመር። ሁለቱም ሰዎች የሥጋ ዘመዶቹ አልነበሩም። ልጁ አምሪትሳር በሚባል ከተማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። ስሙም ከአሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ።

እነዚህ ሰዎች ለልጁ መልካም አደረጉለት። ቢሆንም አንድ ነገር ጠፋ። በዙሪያው አማርኛ የሚናገር ሰው አልነበረምና ልጁ የእናቱን ቋንቋ ረሳ። ወርቅነህ የሚለውንም ስሙን የሚነግረው አላገኘም። ከኢትዮጵያ እንደ መጣ ብቻ ያውቅ ነበር። በጎንደር የቀሩት ወገኖቹም ልጁ ይሙት ይዳን የሚነግራቸው አላገኙም።

ልጁ ግን ልቡ ለትምህርት ትጉህ ነበር። ለርሱ የወጣው ገንዘብ በከንቱ እንዳይቀር ተግቶ ተማረ። ላሖር በምትባለው ከተማ በሐኪሞች ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያም በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ዕውቀቱን ጨመረ። ተመልሶም በቡርማ አገር የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ድኻ አደግ የነበረው ሕፃን አሁን የተከበሩ ሐኪም ሆኑ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በዐድዋ ላይ የጣልያንን ጦር ድል አደረጉ። የዚህ ድል ወሬ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በቡርማ ላሉት ሐኪምም ደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ የተወለዱበትን አገር ለማየት ያላቸው ናፍቆት በረታባቸው። ከድሉም ሦስት ዓመት ያህል በኋላ ፈቃድ ጠይቀው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በአዲስ አበባም ድንኳን ተክለው በሽተኞችን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። ነገር ግን ለገዛ ወገኖቻቸው መናገር የሚችሉት በአስተርጓሚ ብቻ ነበር።

ከህንድ የመጣ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አለ የሚለው ወሬ በሰዎች ዘንድ ተሰማ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትም መጥተው፥ ይህ ሐኪም በመቅደላ የጠፋው የልጅ ልጃቸው እንደ ሆነ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ምልክት በቀላሉ አይታመንም። እርሳቸው ግን ሕፃኑ በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረበት ያስታውሱ ነበር። ቢታይም፥ ጠባሳው እንደ ተናገሩት ሆኖ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ያህል ተስፋ ያልቈረጡት አያት የጠፋውን ልጅ አገኙት። ሐኪሙም አያታቸውን፥ ዘመዶቻቸውንና ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውን በአንድነት አገኙ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐኪም ወርቅነህ ተባሉ።

ሐኪም ወርቅነህ ስማቸውን ካገኙ በኋላ አሳዳጊዎቻቸውን አልካዱም፤ በውጭ አገርም ዶክቶር ማርቲን መባላቸው አልቀረም። በሁለቱ ስም መጠራታቸው ለወለዱአቸውም ላሳደጓቸውም ምስክር ሆነ። አማርኛንም እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምረው ተማሩ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ ታላቅ ሐኪም ሲሆኑ፥ ፊደል መቍጠር አላሳፈራቸውም።

የእንግሊዝ መንግሥት አገልጋይ ስለ ነበሩ ወደ ቡርማ ተመልሰው ሄዱ። ነገር ግን ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ መጥተው አክመዋቸዋል። በኋላም ሥራቸውን ትተው፥ በ1911 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ለመኖር ጠቅልለው ገቡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተውም ብዙ ልጆች ወለዱ።

በዚያን ዘመን የአልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ነበር። በዚያም የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱ አርባ የአርመን ልጆች አዩ። ወላጆቻቸው በቱርክ አገር በሆነው ጭፍጨፋ ያለቁባቸው ነበሩ። የአልጋ ወራሹ አዝነው፥ ከአርመኖች ፓትርያርክ ጋራ ተነጋግረው፥ ልጆቹን ለማሳደግ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ወጪአቸውንም መንግሥት ቻለ። እነዚህ ልጆች ግን ብቻቸውን አልመጡም። በቋንቋቸው የሚጸልይላቸው ካህን አብሯቸው መጣ፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል ወገናቸውም የሙዚቃ መምህር ሆነላቸው። እርሱም በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረውን የኢትዮጵያን የመዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። አርባው ልጆች ኢትዮጵያን አገለገሉ፤ ስማቸውንና ቋንቋቸውን ግን አልረሱም። ወርቅነህ በህንድ ያጡትን ነገር እነዚህ ልጆች በአዲስ አበባ አላጡትም።

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በእንጦጦ ተራራ ሥር ያለው አገር ጉለሌ ይባላል። ጉለሌ በዚያ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ወገን ስም ነው። ኦሮሞዎች የሰውን ልጅ ወስዶ እንደ ገዛ ልጅ ማሳደግን ጉዲፈቻ ይሉታል። እንዲህ ያደገ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ተቈጥሮ ርስት ይካፈላል። በዚህ በእንጦጦ ሥር የአልጋ ወራሹ በገንዘባቸው ትምህርት ቤት አሠሩ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተብሎ ተከፈተ፤ ሐኪም ወርቅነህም የበላይ ተመልካች ሆኑ። ኋላ የትምህርት ቤቱ ስም ተለወጠ።

ሐኪም ወርቅነህ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች በተከፈተውም ትምህርት ቤት ደክመዋል። እነዚህ ልጆች ከእናት ካባታቸው በግድ የተለዩ፥ ብዙዎቹም የትውልድ አገራቸውን የማያውቁ ነበሩ። ሐኪሙ የነዚህን ልጆች ኀዘን ከሌላ ሰው ይልቅ ያውቁት ነበር፤ እርሳቸውም በሕፃንነታቸው ከወገናቸው ተለይተው ነበርና። በሰው ገንዘብ ተምረው ነበርና፥ አሁን በተራቸው ለሰው ልጅ ደከሙ።

ሰዎችን ለበጎ ሥራ ለማስተባበርም ፍቅርና አገልግሎት የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለ፥ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ብዙዎች ተባብረው ይችሉታል። ለልጆችም መማሪያ እንዲሆን የዓለምን መልክዐ ምድር በአማርኛ ጻፉ። አማርኛን በጕልምስና የተማሩት ሰው በአማርኛ መጽሐፍ ደራሲ ሆኑ። ከዚህም በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው፥ አሰበ ተፈሪ የምትባለውን ከተማ በመልካም አስተዳደሩ።

በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ፥ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን ከተማ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ያህል ነበር። ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ለቁስለኞች መድኃኒት፥ ለአገሩም መከላከያ ገንዘብ እንዲዋጣ ሕዝቡን ይለምኑ ነበር። ለራሱ የሚለምን ሰው ሊያፍር ይችላል፤ ለወገኑ የሚለምን ግን አያፍርም። ከልጅነት ጀምሮ የተማሩት የእንግሊዝ ቋንቋ ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ አገልግሎት ዋለ።

በዚህ ሁሉ መካከል ታላቅ ኀዘን ደረሰባቸው። ቢንያምና ዮሴፍ የሚባሉ ሁለት ልጆቻቸው በእንግሊዝ አገር ተምረው፥ መሐንዲሶች ሆነው፥ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ጣልያኖችም ተቈጥተው ብዙ ሺሕ ሕዝብ ፈጁ፤ የተማሩትንም ወጣቶች እየፈለጉ ገደሉ። ያን ጊዜ ቢንያምና ዮሴፍ ተገደሉ። አባታቸው ግን በባዕድ አገር ስለ ነበሩ ሊቀብሯቸው አልቻሉም። በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸው ባንድ የጦርነት ቀን አጥተዋቸው ነበር፤ በሽምግልናቸውም እርሳቸው በጦርነት ልጆቻቸውን አጡ። የመቅደላ እናትና አባት ያዘኑትን ኀዘን አዘኑ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አገራቸውን አልተዉም። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው፥ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። መቅደላ ላይ ከጠፉበት ቀን ጀምሮ ሰማንያ አራት ዓመት ሆኖ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ፊተኛው፥ ድኻ አደግን ማሳደግ ታላቅ በጎ ሥራ መሆኑ ነው። ሁለት መኮንኖች ለአንድ ሕፃን ገንዘባቸውን ባወጡ ጊዜ ለኢትዮጵያ ሐኪም፥ መምህርና መልእክተኛ አሳደጉላት፤ እነርሱ ግን ይህን አላወቁም ነበር። ሁለተኛው፥ የሰውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው የልጁን ስምና ወገን መጠበቅ የሚገባው መሆኑ ነው። እህል ሆድን ያጠግባል፤ ስም ግን ልብን ያሳርፋል። ወርቅነህ ሐኪም የሆኑት በተከፈለላቸው ገንዘብ ነው፤ ወርቅነህ የተባሉት ግን አንዲት አያት የሕፃኑን ጠባሳ ስላልረሱ ነው።

እንግዲህ አሳዳጊ ያገኘ ልጅ ተግቶ ይማር፤ ውለታውንም አይርሳ። ወላጆቹ ያሉት ልጅም አጠገቡ ያለውን ወላጅ የሌለውን ልጅ እንደ ወንድሙ፥ እንደ እኅቱ ይቍጠር። እንጀራውን ሲያካፍለው፥ ስሙንም ጠይቆ በስሙ ይጥራው።