ንጉሥ ሲታመም፣ ወሬ ሲነግሥ

ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲነሳ ሁላችንም ወዲያው ወደ አድዋ ወይም ወደ ግዛት ማስፋፋቱ ክርክር እንሮጣለን። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ብዙም የማይወራውን የመጨረሻ ዘመናቸውን ነው። ለምን ቢባል፣ ጋዜጠኝነት ለምንማር ልጆች ትልቅ ትምህርት አለው።

ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በ1882 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 አድዋ ላይ ድል አደረጉ። በአዳማችን በኩል ያልፍ የነበረውን የጅቡቲ ባቡር ውል በ1886 የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። ለመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣም አእምሮ የሚለውን ስም ያወጡለት እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል።

የሚገርመው፣ ሕመሙም የመጣባቸው በጭንቅላታቸው በኩል ነው። በ1898 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸው። ትንሽ ሲሻላቸው በ1900 ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በ1901 የልጃቸውን የሸዋረጋን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በ1902 የመጣው ግን ከባድ ነበር፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ።

ታዲያ ግቢው ምን አደረገ? ዝም አለ። እውነቱ ሲደበቅ ቦታውን ወሬ ያዘው። መርዝ በልተዋል ተባለ፤ ጣት እቴጌ ጣይቱ ላይ ተቀሰረ። እቴጌይቱ በመጋቢት 1902 ከሥልጣን ገለል ተደረጉ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸው እንኳ ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። ያ ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ እሳቸው የሉም።

ይህን ሳነብ የራሳችን ቤት ትዝ አለኝ። አያቴ ስሜን መጥራት ሲያቅታቸው እኛም ጎረቤት እንዳይሰማ በር ዘጋን። ያው ጃጅተው ነው ብለን ተውነው። ሐኪም ጋ የወሰድናቸው ከዓመት በኋላ ሲሆን፣ ደም ብዛታቸው በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። እናቴ ያን ቀን የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ እሷም ነገ እንደሳቸው ትሆን እንደሆነ።

መልሱ እንዲህ ነው። አእምሮን የሚያደክም በሽታ አንድ አይደለም። ምኒልክ በታመሙበት ሰሞን፣ በጥቅምት 1899 ዓ.ም.፣ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ ለባልደረቦቹ አቅርቦ ነበር። የምኒልክ ስትሮክ ነው፤ የስትሮክ ዋናው አምጪ ደግሞ መቆጣጠር የሚቻለው ደም ብዛት ነው። አልዛይመር በዘርም ይመጣል። ኤፒኦኢ 4 የተባለ ጂን አደጋውን ከፍ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1993 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ጂኑ ያለባቸው ጤነኛ ጎልማሶችና አዛውንቶች አንድ ነገር ለማስታወስ ሲሞክሩ አንጎላቸው ከሌሎቹ የበለጠ ይሠራል፤ መርሳቱ ገና ሳይጀምር ማለት ነው። ቢሆንም ጂኑ ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ የሌለበትም አይታመምም ማለት አይደለም። ዘር ፍርድ አይደለም።

እኛ የነገ ዘጋቢዎች ይህን ማወቅ አለብን። ሕመም የተደበቀበት ቤት፣ ቤተ መንግሥትም ይሁን የእኛ ግቢ፣ ወሬ ይነግሥበታል፤ የሚጎዳው ደግሞ በሽተኛውና አስታማሚው ነው። ስለዚህ አያቶቻችን መርሳት ሲጀምሩ በሩን ከመዝጋት ሐኪም ቤት መሄድ ይቅደም እላለሁ።