አሌክሳንደር ዱማ፦ ከጽሕፈት ሠራተኛነት እስከ ፓንቴዮን

ስመ ጥሩ ፈረንሳዊ ደራሲ አሌክሳንደር ዱማ እ.ኤ.አ. በ1802 ተወለዱ። አባታቸው ጄኔራል ቶማ-አሌክሳንደር ዱማ፣ ዛሬ ሄይቲ በምትባለው ሳን-ዶማንግ ከአፍሪካዊ ዘር ባሪያ እናት ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ ፈረንሳይ የመጡ የጦር መኮንን ነበሩ። ጄኔራሉ በ1806 ሲያርፉ መንግሥት ለባለቤታቸው የጡረታ አበል ስለ ነፈገ፣ ልጃቸው በችግርና በአነስተኛ ትምህርት አደጉ። ኋላም ወደ ፓሪስ አቅንተው፣ የእጅ ጽሑፋቸው ውብ በመሆኑ በኦርሌአን መስፍን ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ፤ የጎደላቸውንም ዕውቀት በንባብ አሟሉ። በኦጉስት ማኬ አጋዥነት ያዘጋጁት «ሦስቱ ሙስኬተሮች» በ1844 ታትሞ ዝናቸውን አገነነ። በዘራቸው ምክንያት ፌዝና ንቀት ቢደርስባቸውም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በ1870 ዐረፉ። እናታቸውን አበል የነፈገችው አገር በ2002 አፅማቸውን ታላላቅ ሰዎቿ ወደሚያርፉበት ፓንቴዮን በክብር አዛወረች።