ኤድዋርድ ሩፔልና የጭላዳ ድምፅ

ከአሰላ በላይ በተንጣለሉት የአርሲ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮና በዋቢ ሸበሌ ገደሎች የሚገኘው ጭላዳ በሳይንስ መዝገብ የገቡት በአንድ ሰው እጅ ነው፤ እርሱም አርሲን ከቶ ያልረገጠው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው።

ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ ከባለ ባንክ ቤተሰብ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመንም በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ለንግድ ታስቦ ቢያድግም፣ በ1817 ግብፅንና ሲናን ካየ በኋላ ፊቱን ወደ ዕውቀት አዞረ፤ በኢጣልያም የተፈጥሮ ሳይንስንና ሥነ ፈለክን ተማረ። በዚህም ምክንያት በጉዞው የደረሰባቸውን ስፍራዎች አቀማመጥ ከከዋክብት እየለካ ይመዘግብ ነበር፤ መሐንዲስ የሆነ አንባቢ ከሥራው ሁሉ አስቀድሞ የሚያከብርለት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ከ1831 እስከ 1833 ባደረገው ጉዞ ከምጽዋ ተነሥቶ በስሜን ተራሮች በኩል ጎንደር ደረሰ። የሰበሰበውን የአራዊት ቆዳና አጽም ለፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ማኅበር፣ የግዕዝ ብራናዎቹንም ለከተማው ቤተ መጻሕፍት አበረከተ። ዋሊያንም ጭላዳንም በ1835 ለሳይንስ አስተዋወቀ፤ ለጭላዳ አዲስ ስም ሳይፈጥር የአገሬውን መጠሪያ መውሰዱ የሚያስመሰግነው ነው። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ድምፅ መቅጃ መሣሪያ አልነበረም። ሩፔል የእንስሳውን አካል ይዞ ሲሄድ ጥሪው በገደሉ ቀረ። ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ እየከፈተና እየገጠመ የሚያሰማው ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ በ2013 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሰሚውስ እንዴት ይለየዋል? በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ማካክ የተባሉትን ጦጣዎች በማግኔታዊ የምስል መሣሪያ መርምሮ፣ ከጆሮ አጠገብ ባለው የአንጎል ክፍል ከሌላ ድምፅ ይልቅ ለወገናቸው ድምፅ አብልጦ የሚነቃ ስፍራ አገኘ። በሰውም አንጎል ለሰው ድምፅ እንዲሁ የሚነቃ ስፍራ አለ። ማካክና ጭላዳ የቅርብ ዘመዳሞች በመሆናቸው፣ ለጭላዳም ይኖረዋል ብሎ መገመት አያስቸግርም፤ ማረጋገጫው ግን ከሕያው መንጋ እንጂ ከቤተ መዘክር ሣጥን አይገኝም።

ሩፔል በ1884 በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ ዐረፈ። የአርሲው ጭላዳ በጥናት ተገልጦ የታተመው ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1990 ነው። ይህ ጭላዳ በስምጥ ሸለቆው ከሰሜን ወገኖቹ ተለይቶ፣ እስከ አፋፉ በታረሰ መሬት ዳር በትንንሽ መንጋ ይኖራል፤ ሰብል በደረሰ ጊዜም ከገበሬው ጋር ይጣላል።