የጥቁሩ መስኮት ባለውለታ፡ ኤድጋር ኮድ

የዳታቤዝ ኮርስ የወሰደ የክፍላችን ተማሪ ሁሉ አንድ ጥቁር መስኮት ያውቃል። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃለች። ሴሌክት ብለን ጀምረን፣ ፍሮም ብለን ቀጥለን፣ መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን አድርገን ኢንተር ስንጫን መልሱ በረድፍና በዓምድ ተሰድሮ ይመጣል። ሴሚኮለኗን ከረሳናት ደግሞ ምንም ሳይናገር ያፈጥብናል። ይህን መስኮት በማይኤስኪውኤል ክፈቱት፣ በፖስትግሬስ ወይም በኦራክል፣ ከበስተኋላው ያለው ሐሳብ የአንድ ሰው ነው። የሰውየውን ስም ግን ብዙዎቻችን ኖርማላይዜሽን የሚለው ምዕራፍ ላይ ለፈተና ያህል ሸምድደን እናልፈዋለን። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚሁ ሰው ነው።

ሙሉ ስሙ ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ይባላል። በኛ ፊደል ሲጻፍ ፕሮግራመሮች ከሚጽፉት ኮድ ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ በእንግሊዝኛው ግን የእሱ ስም መጨረሻው ላይ ሁለት ዲ ስላለው ግንኙነት የላቸውም። ወዳጆቹ ቴድ ይሉት ስለነበር ግራ እንዳንጋባ እኛም ቴድ እያልን እንቀጥል። የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1923 በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው በፖርትላንድ ደሴት ነው። በኛ አቆጣጠር ሲመታ ነሐሴ 13 ቀን 1915 ዓ.ም. ይሆናል፤ የቡሄ ዕለት መሆኑ ነው። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ሲሆን እናቱ አስተማሪ ነበሩ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ኬሚስትሪ ሲያጠና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለመጣ የንጉሣዊው አየር ኃይል አብራሪ ሆኖ፣ ከባሕር ላይ የሚነሡትን ትላልቆቹን የሱንደርላንድ አውሮፕላኖች አበረረ። ይህችን የአብራሪነት ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በማግስቱ ዓመት አይቢኤም ገባ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ማለት አዳራሽ የሚሞላ ማሽን ነው፤ ቴድም ለእንዲህ ያሉ ማሽኖች ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ሰውየው ግን ሥራውን ብቻ አይቶ የሚኖር አልነበረም። ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ኮሚኒስት ነው እያለ ሰውን ሁሉ ማሳደድ ሲጀምር ቴድ ነገሩ አላምርህ ብሎት በ1953 አገሩን ትቶ ካናዳ ገባ። የተመለሰው በ1957 ነው። ከዚያም ስትሬች በተባለው ማሽን ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ባንድ ጊዜ የሚሠሩበትን መንገድ ከሚያዘጋጁት ጋር ሠራ። አርባ ዓመት ሲሆነው ደግሞ ተማሪ ነው! ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ራሳቸውን ስለሚያባዙ አውቶማታ አጥንቶ በ1965 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ጆን ቮን ኖይማን በ29 ሁኔታዎች የሠራውን ቴድ በ8 ብቻ እንደሚሠራ አሳየ። ብዙውን በጥቂት የመግለጽ ዝንባሌው ከዚህ ላይ ይታያል። ቀጥሎ የአይቢኤም የምርምር ጣቢያ ወደሚገኝበት ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለችው ሳን ሆዜ ተዛወረ።

እዚያ ያገኘው ችግር ምን ነበር? በኛው አካባቢ ቡና እንየው። ለምሳሌ ያህል አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በቴፒና በሸኮ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች አሉት እንበል። የዚያን ዘመን ዳታቤዝ መዝገቡን እንደ ዛፍ ያስቀምጠዋል። ከላይ ጣቢያው፣ ከሥሩ አርሶ አደሩ፣ ከአርሶ አደሩ ሥር ደግሞ ቡና ያስረከበበት ቀንና ኪሎ ይመጣል። ሸኮ ጣቢያ ሰኞ ስንት ኪሎ ገባ ብሎ ለሚጠይቅ ዛፉ ይመቻል፤ ከላይ ወደታች መውረድ ነው። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብሎ በሁለቱም ጣቢያ የሚያስረክቡት የትኞቹ ገበሬዎች ናቸው ቢልስ? አንዱ ገበሬ ሁለት ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ፕሮግራመሩ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ የሚወጣና የሚወርድ ፕሮግራም መጻፍ አለበት፤ ይህም ቀናት ሊወስድ ይችላል። የባሰው ደግሞ አለ። ነገ ዛፉ ተገልብጦ ገበሬው ከላይ፣ ጣቢያው ከሥር ይሁን ቢባል ትናንት የተጻፈው ፕሮግራም በሙሉ ይበላሻል።

ይህ ዓይነቱ ዳታቤዝ የመጣው ዝም ብሎ አይደለም። የአይቢኤሙ አይኤምኤስ መጀመሪያ የተሠራው ሰውን ወደ ጨረቃ ለወሰደው ለአፖሎ ፕሮግራም ነው። ሮኬት ከክፍሎች፣ ክፍሎቹም ከሌሎች ክፍሎች ስለሚሠሩ ዛፍ ይስማማቸዋል። የሸኮ ገበሬ ግን የማንም ሮኬት ክፍል አይደለም፤ ቡናውን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ያስረክባል።

የቴድ መፍትሔ ከሒሳብ የመጣ ነው። ሁሉንም ነገር በጠፍጣፋ ሠንጠረዥ አስቀምጡት፤ አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው የሚያገናኘው በውስጡ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ይሁን፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር እንጂ መንገዱን ማሽኑ ይፈልግ ነው ያለው። በ1969 ለአይቢኤም የውስጥ ሪፖርት አድርጎ ጻፈው፤ በጁን 1970 ደግሞ አስፋፍቶ በአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ አወጣው። ጽሑፉ 11 ገጽ ብቻ ነው። የኛ የሴሚናር ወረቀት እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

እንግዲህ የማኅበሩን መዝገብ በሱ መንገድ እንሥራው። አርሶ አደር፣ ጣቢያ እና ርክክብ የሚባሉ ሦስት ሠንጠረዦች ይበቁናል። በጥቁሩ መስኮት ላይ የምንጽፈው በአማርኛ ሲነገር ይህን ይመስላል፤ የአርሶ አደሩን ስም ምረጥ፣ አርሶ አደርን ከርክክብ ጋር መለያ ቁጥራቸው እኩል በሆነበት አጣምር፣ በመለያ ቁጥር መድብ፣ ከአንድ በላይ የተለያየ ጣቢያ ያለውን ብቻ አሳይ። በቃ፣ አራት መስመር ነው። በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር መመደባችንን ልብ በሉ፤ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ገበሬዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንውጣ የሚል ጥያቄ የለም። ነገ ሌላ ሠንጠረዥ ቢጨመር ወይም ፋይሉ ዲስክ ላይ ሌላ ቦታ ቢዛወር ይችው ጥያቄ ሳትነካ ትሠራለች።

ኖርማላይዜሽንም የሱ ነው። ፈተና ላይ ስለሚያስቸግረን እንጂ ጥቅሙ በዓይናችን የታየ ነገር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ከፋ እና ሌሎቹም ከቀድሞው የደቡብ ክልል ወጡ። በእያንዳንዱ ገበሬ ረድፍ ላይ የክልሉን ስም የጻፈ መሥሪያ ቤት ቢኖር በሺህ የሚቆጠር ረድፍ ማረም ነበረበት፤ አንዱ ከተረሳ ደግሞ ያ ገበሬ በወረቀት ላይ ሌላ ክልል ቀረ ማለት ነው። ገበሬውን ከወረዳ፣ ወረዳውን ከዞን፣ ዞኑን ከክልል በየሠንጠረዡ ያያያዘ ግን የሚያርመው የዞኖቹን ጥቂት ረድፎች ብቻ ነው።

ታዲያ አይቢኤም እጁን ዘርግቶ ተቀበለው? አልተቀበለውም። ኩባንያው አይኤምኤስን እየሸጠ ገንዘብ ያገኛል፤ የራሱ ሠራተኛ ደግሞ ያንን የሚተካ ሐሳብ በአደባባይ ያትማል። በውጭም ተቃዋሚ ነበረው። ቻርልስ ባክማን የተባለው ታላቅ ባለሙያ በ1973 የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ፕሮግራመሩን በመረጃ ባሕር ላይ መንገድ እየመረጠ እንደሚጓዝ መርከበኛ አድርጎ አቀረበው። በ1974 አን አርበር ከተማ ላይ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተከራከሩ። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ትመጣለች፤ በእውነተኛው ባሕር ላይ መንገድ እየፈለገ የበረረው ቴድ ነው፣ ተጠቃሚውን ከመንገድ ፍለጋ ላውጣው ያለውም እሱ ነው! በኔ አስተያየት ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ የሥራውን ክብደት የሚያውቅ ሰው ለሌላው አይመኘውም።

በመጨረሻ ሐሳቡን ያሸነፈለት ተሠርቶ መታየቱ ነው። ሳን ሆዜ ላይ ሲስተም አር የሚባል የሙከራ ሥርዓት ተጀመረ፤ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስም በ1974 ሲክዌል ያሉትን ቋንቋ አወጡ። ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለው እሱን ነው። ቦይስ በዚያው ዓመት ገና በወጣትነቱ ሞተ። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ ኢንግረስን ሠሩ። የኢንግረስ ተጠቃሚ ተርሚናል ላይ ጥያቄውን ጽፎ ሲጨርስ ወደኋላ ያዘነበለ ጭረትና ጂ ይጨምራል፤ ሂድ ማለት ነው። ዛሬ በማይኤስኪውኤልም ሆነ በፒኤስኪውኤል መስኮት ላይ በሴሚኮለን ፈንታ ያችኑ ጭረትና ጂ ብትጽፉ ይሠራላችኋል፤ ሞክሩት። ኦራክል በ1979 የመጀመሪያውን የንግድ ኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሲያወጣ ለትዕዛዝ መጻፊያው ጥቁር መስኮት የሰጠው ስም ትርጉሙ ለተጠቃሚ ምቹ የሆነ ገጽ የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ አንድም የሚነካ ሥዕል የሌለው ባዶ መስኮት ነው። ከዛፉ ለመጣ ሰው ግን ምቹ መሆኑ አይካድም። አይቢኤም ራሱ የገበያ ምርት ያወጣው በ1981 ነው፤ ዲቢ2 የተባለው ደግሞ በ1983 ተከተለ። ቴድም በ1981 የቱሪንግ ሽልማትን አገኘ።

ነገር ግን ድል ያደረገ ሰው ሁሉ ደስ አይለውም። በሰማንያዎቹ ዓመታት ሻጭ ሁሉ ምርቱን ሪሌሽናል ነው ማለት ሲጀምር ቴድ በ1985 አሥራ ሁለቱ ሕጎች የሚባሉትን አወጣ። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር አሥራ ሦስት ናቸው፤ እንግዲህ ኮምፒዩተር ሰው ነው። ከነሱ ውስጥ ለትዕዛዝ መስመር ተጠቃሚ ትልቁ አራተኛው ይመስለኛል። ዳታቤዙ ስለራሱ የሚያውቀው ነገር፣ ማለትም ምን ምን ሠንጠረዥና ዓምድ እንዳለው፣ እሱም በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ በዚያው ቋንቋም ይጠየቅ ይላል። የማናውቀው ሰርቨር ላይ ገብተን ሾው ቴብልስ ወይም ዲስክራይብ ብለን የቤቱን አሠራር የምናውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ፒኤስኪውኤልን ዳሽና ትልቁን ኢ ጨምሮ ያስነሣው፤ ከዚያ ጭረትና ዲ ብሎ ይዘዝ። አጭሯ ትዕዛዝ ከበስተኋላ ረጅም ሴሌክት ሆና ወደ ሰርቨሩ ስትላክ ያያል። መስኮቱ ራሱ ምንም አያውቅም፤ ጽሑፍ ይልካል፣ ጽሑፍ ይቀበላል። ኔትወርክ ደካማ በሆነ ቀን በቁልፍና በሥዕል የተሞላው ፕሮግራም ሲንገታገት ይህ የሚሠራው ለዚሁ ነው።

ከኤስኪውኤልም ጋር ቢሆን ቴድ አልታረቀም። በሱ ሒሳብ ሠንጠረዥ ስብስብ ነው፤ በስብስብ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይገኝም። ኤስኪውኤል ግን ድግግሞሽን ይፈቅዳል። ርክክብ ከሚለው ሠንጠረዥ የገበሬ መለያ ብቻ አውጣ ብትሉት አሥር ጊዜ ያስረከበውን አሥር ጊዜ ይደረድርላችኋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወጣ ዲስቲንክት የምትለዋን ቃል መጨመር የናንተ ፈንታ ነው። ሪፖርት ላይ የገበሬ ቁጥር ያለ አግባብ የሚያብጠው በዚች ቃል መረሳት ሊሆን ይችላል። ቴድ ይህን ስህተት ነው እያለ እስከ መጨረሻው ተከራክሮበታል፤ እኔም ልክ ይመስለኛል።

በ1984 ከአይቢኤም ወጥቶ ከክሪስ ዴት ጋር የማማከር ሥራ ጀመረ። በ1993 ኦላፕ የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀ ጽሑፍ አወጣ፤ ሆኖም ወጪውን የሸፈነው የዚያው ዓይነት ምርት ሻጭ መሆኑ ሲታወቅ ብዙ አስወቅሶታል። ሻጮችን በአሥራ ሁለት ሕግ ለመዘነ ሰው ይህ የሚያሳዝን ነው።

ቴድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2003፣ በኛ ሚያዝያ 10 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በልብ ሕመም አረፈ፤ ዕድሜው 79 ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዳታቤዝ ተመራማሪዎች ማኅበር ትልቁን ሽልማቱን በስሙ ሰየመው። ያ ሊተካው የተነሣው ባለዛፉ አይኤምኤስ ግን አልሞተም፤ አይቢኤም ዛሬም ይሸጠዋል፣ በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ባንኮችም ይሠሩበታል።