ያልተወለደው ሕፃን ማስጠንቀቂያ፦ የደራሲ አቤ ጉበኛ ሕይወትና ሥራ

ሸሕዲ — ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ሸሕዲ ሲደርስ ደጋውን ከኋላው ትቶ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ማሳ፣ የዕጣንና የሙጫ ዛፍ ወደሚገኝበት ሰፊ ቆላ ይገባል። ከዚህ በስተደቡብ ያለው ቋራ የዳግማዊ አጼ ቴዎድሮስ የትውልድ ስፍራ ነው። የቋራውን ካሣ ታሪክ በልቦለድ መልክ ጽፈው ለአንባቢ ካቀረቡት ደራሲያን አንዱ ከዚሁ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው አቸፈር የተወለዱት አቤ ጉበኛ ናቸው።

ይሁንና የደራሲው ስም ከሁሉም በላይ የሚነሳው ባለፈ ዘመን ላይ ባተኮረው ሥራቸው ሳይሆን ሊመጣ ስለሚችል ዘመን ባስጠነቀቁበት «አልወለድም» በተሰኘው መጽሐፋቸው ነው። ሕዝባዊ አመፅን፣ የሥርዓት መፍረስንና ከፍርስራሹ የሚነሳውን አዲስ ጭቆና በአማርኛ ልቦለድ ቀድመው ካሳዩት ሥራዎች መካከል ይህ መጽሐፍ ግንባር ቀደም ስፍራ ይዟል።

አቤ ጉበኛ በ1925 ዓ.ም. በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት በአቸፈር፣ ቆረንጭ አቦ በተባለ ስፍራ ከገበሬ ማኅበረሰብ መካከል ተወለዱ። እንደ ዘመኑ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በጎጃምና በበጌምድር እየተዘዋወሩ የአብነት ትምህርት ተከታትለው ቅኔ ተቀኝተዋል። ሰምና ወርቁን መለየት፣ አንዱን ነገር ተናግሮ ሌላውን ማሳሰብ የቅኔ ቤት ዋነኛ ትምህርት በመሆኑ፣ ኋላ ላይ በልቦለዶቻቸው ለተጠቀሙበት የምሳሌ አነጋገር መሠረት የጣለላቸው ይኸው የተማሪ ቤት ሕይወት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከአብነት ትምህርቱ በኋላ በዳንግላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ቀስመዋል። ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኝነት፣ ቀጥሎም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አገልግለዋል። ብዙም ሳይቆዩ ግን የመንግሥት ሥራቸውን ለቅቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለድርሰት ሰጡ። አንባቢው በቁጥር አነስተኛ፣ የመጽሐፍ ገበያው ጠባብ፣ ሳንሱሩም ጥብቅ በነበረበት በዚያ ወቅት ደመወዝ ትቶ ከመጽሐፍ ሽያጭ በሚገኝ ገቢ ለመኖር መወሰን ከፍተኛ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። በዚህም ምክንያት ድርሰትን መተዳደሪያቸው ካደረጉ ቀዳሚ ኢትዮጵያውያን ጸሐፍት አንዱ ተደርገው ይቆጠራሉ።

ደራሲው ገና ከጅምሩ የሥልጣንን መነሻና መጨረሻ መመርመር ይወዱ እንደነበር የሥራዎቻቸው ርዕሶች ያመለክታሉ። «የሮም አወዳደቅ» የአንድን ታላቅ መንግሥት መጨረሻ የሚመለከት ተውኔት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1961 የተገደሉት የኮንጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ዕጣም «የፓትሪስ ሉሙምባ አሳዛኝ አሟሟት» ለተሰኘው ተውኔታቸው ምክንያት ሆኗል። በአገር ውስጥም ወቅቱ የጋለ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሽፎ መሪዎቹ ቢቀጡም፣ የተነሡት ጥያቄዎች ግን አልተዳፈኑም።

«አልወለድም» ለኅትመት የበቃው ከዚህ ሙከራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1955 ዓ.ም. ነው። የመጽሐፉ መነሻ ባልተለመደ ምናብ የተዋቀረ ነው። በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ ግፍና ድህነት ወደ ነገሡበት ዓለም መምጣትን እምቢ ብሎ ከወላጅ እናቱ ጋር ይሟገታል። ክርክሩ አላዋጣ ብሎት ይወለዳል፤ የፈራውም ኑሮ ይጠብቀዋል። አድጎ በጭቆና ላይ ለተነሣ ሕዝብ መሪ ቢሆንም፣ የአሮጌው ሥርዓት መውደቅ የናፈቀውን ፍትሕ አላስገኘም። ሥልጣኑ በወታደሮች እጅ ይወድቃል፤ አመፁን የመራው ሰውም በጥይት ተደብድቦ ይሞታል።

ይህ ዓይነቱ የማስጠንቀቂያ ልቦለድ በሌላውም ዓለም የራሱ ታሪክ አለው። ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን ዜጎች ከስም ይልቅ በቁጥር የሚጠሩበትን የወደፊት መንግሥት የሚያሳየውን «እኛ» የተሰኘ ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጽፎ በአገሩ እንዳይታተም ተከልክሏል፤ ደራሲውም በስደት በፓሪስ አርፏል። የቼኩ ካሬል ቻፔክ «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ሠራሽ ሠራተኞች በፈጣሪዎቻቸው ላይ በሚያምፁበት ተውኔቱ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ደግሞ «1984» የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1949 አሳትሟል።

የአቤ ጉበኛ መጽሐፍ በወጣበት ሰሞን በምዕራቡ ዓለም የተፈጥሮ ውድመት ሥጋት ወደ ድርሰት መግባት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሬቸል ካርሰን ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ጉዳት የጻፈችውን መጽሐፍ የከፈተችው ወፎቿ ስለጠፉባትና ፀደይዋ ጸጥ ስላለባት አንዲት የምናብ ከተማ በሚተርክ ምሳሌ ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ጄ. ጂ. ባላርድ የምድር ሙቀት ንሮ ከተሞች በውኃ ስለተዋጡበት ዘመን ልቦለድ አሳትሟል። «አልወለድም» በውስጡ ማሽንም ሆነ የሳይንስ ግኝት ስለሌለው በጥብቅ አነጋገር የሳይንስ ልቦለድ ሊባል አይችልም። ሆኖም ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ነገ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ በማንሣቱ ከእነዚህ ሥራዎች ጋር ይዛመዳል።

መልእክቱ ለዘመኑ ባለሥልጣናት አልተሰወረም። መጽሐፉ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ቅጂዎቹም ተለቅመው እንዲጠፉ ተደረገ። እገዳው ግን የአንባቢውን ጉጉት አላበረደውም። ከመሰብሰብ ያመለጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ በድብቅ ይነበቡ ጀመር። ደራሲውም በጽሑፎቻቸው ምክንያት ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ በግዞት ተልከው ከአዲስ አበባና ከአንባቢዎቻቸው ርቀው ለመኖር ተገደዋል።

ከግዞት መልስም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በ1961 ዓ.ም. ያሳተሙት «አንድ ለእናቱ» የአጼ ቴዎድሮስን ሕይወት መሠረት ያደረገ ታሪካዊ ልቦለድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከተሠዉ አንድ መቶ ዓመት በሞላበት ወቅት የወጣው ይህ መጽሐፍ ከብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ጋር የቋራውን ጀግና በአዲሱ ትውልድ ዘንድ ሕያው ካደረጉት ሥራዎች ይመደባል። በዚህም መጽሐፍ ቢሆን የደራሲው ዋና ጉዳይ አልተለወጠም፤ ሸፍቶ ተነሥቶ አገርን ለመለወጥ የሚታገል ሰው በመጨረሻ ምን ይገጥመዋል የሚለው ጥያቄ ከቆላው ሽፍትነት እስከ መቅደላ የዘለቀው የንጉሡ ታሪክ የሚያነሣው ነውና።

አቤ ጉበኛ ከሰው ልጅ ታሪክ ወጣ ብለውም የማኅበረሰቡን ብልሹነት ተችተዋል። «ጎብላንድ አጭበርባሪው ጦጣ» የተሰኘው ሥራቸው ስላቅን ከእንስሳት ተረት ጋር ያዋሐደ ነው። በእንግሊዝኛም አንድ ተውኔትና በፋሺስት ወረራ ዘመን ላይ ያተኮረ ልቦለድ አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የደራሲያን መርሐ ግብር ለመሳተፍ መብቃታቸው ሥራቸው ከአገር ውጭም ዕውቅና እንዳገኘ ያመለክታል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ «አልወለድም» ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ሥልጣኑን ወታደሮች ሲረከቡ፣ መጽሐፉን በድብቅ ያነበቡ ሰዎች በምናብ የተጻፈው በገሃድ ሲፈጸም ተመለከቱ። ከለውጡ በኋላ መጽሐፉ በድጋሚ ታትሞ በይፋ ለንባብ ቢበቃም፣ ቀጥለው የመጡት ዓመታት የልቦለዱ መደምደሚያም እውን የሆነባቸው ነበሩ። ለውጡን ከናፈቁትና ከታገሉለት ወጣቶች ብዙዎቹ በአዲሱ መንግሥት ጥይት ረገፉ።

ደራሲው በ1972 ዓ.ም.፣ በ47 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አሟሟታቸው እስከ ዛሬ ሲያነጋግር ኖሯል። ከእሳቸው ኅልፈት ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በዓሉ ግርማም መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቦ በ1976 ዓ.ም. የደረሰበት ጠፍቷል። የሁለቱ ጸሐፍት ዕጣ በአገራችን ማስጠንቀቂያን በልቦለድ መጻፍ ምን ያህል ዋጋ ያስከፍል እንደነበር የሚያሳይ ነው።

የአቤ ጉበኛ ሥራዎች ዛሬም በተደጋጋሚ እየታተሙ ይነበባሉ። የተፈጥሮ መራቆትን የነገ ሥጋት አድርጎ የሚተርክ ልቦለድ ግን በአማርኛ ገና በስፋት አልተጻፈም። ርዕሰ ጉዳዩ በሸሕዲ፣ በመተማና በቋራ ቆላ በዓይን የሚታይ ነው። በቋራ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ተዋስኖ የሰሐራን በረሃ መስፋፋት ይገታል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ነው። በሌላ በኩል የዕጣን ዛፍ ደኑ በእርሻ መስፋፋት፣ በሰደድ እሳት፣ በልቅ ግጦሽና ከመጠን ባለፈ ምርት አሰባሰብ እየተመናመነ መጥቷል።

የመተማን ደኖች ጨምሮ በተለያዩ አካባቢዎች ባሉ የዕጣን ዛፎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ሳይንሳዊ ጥናት፣ ከተጠኑት ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፎች እንዳልተገኙ አመልክቷል። ሁኔታው ካልተለወጠ በሃያ ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ እንደሚቀንስም ተንብዮአል። ያረጁት ዛፎች ቆመዋል፤ የሚተኳቸው ችግኞች ግን ከመሬት ብቅ አላሉም። የአቸፈሩ ደራሲ ከስድሳ ዓመት በፊት አልወለድም የሚል ሕፃን በምናባቸው ፈጥረው አንባቢውን አስጠንቅቀዋል። በዚህ ቆላ ግን ሳይወለድ የቀረው ትውልድ የዛፉ ነው።