ድንጋይ መዛኙ ስኮትላንዳዊ

ክረምት በገባ ቁጥር አስፋልቱ ሲቦረቦር የምንወቅሰው አናጣም። አንዴ ኮንትራክተሩን፣ አንዴ ዝናቡን፣ አንዴ ደግሞ ከልክ በላይ የተጫነውን የጭነት መኪና እናማለን። መንገዱ ሲሠራ ጠጠሩን የመዘነ፣ ሬንጁን የለካ፣ ውጤቱንም በወረቀት ያሰፈረ ሰው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ይህችን ጥያቄ ከ200 ዓመት በፊት ሥራዬ ብሎ የያዛት አንድ ስኮትላንዳዊ አለ። ስሙ ጆን ላውደን ማክአዳም ነው። ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ጓደኞቻችን በስም ያውቁታል። እኔ ደግሞ የእኛም ክፍል ልጆች ቢያውቁት ጥሩ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሰውየው ከመሐንዲስነቱ ይልቅ ጠያቂነቱ ይብሳል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማክአዳም በ1756 ኤር በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የባላባት ዘር ነው፤ ሀብቱ ግን እየሳሳ ሄዷል። ከአሥር ልጆች የመጨረሻው እሱ ነበር። በትምህርት ቤት ሳለ የአካባቢውን መንገድ በትንሹ አስመስሎ ሠርቶ አሳየ ተብሎ ይተረካል፤ እንዲህ ያለው ታሪክ ለታዋቂ ሰው ሁሉ ስለሚወጣለት እኔ ብዙም አልተደገፍኩበትም። የተረጋገጠው ነገር አባቱ በ1770 መሞቱና ልጁ ኒውዮርክ ወደሚኖር ነጋዴ አጎቱ መላኩ ነው።

ኒውዮርክ ነጋዴ አደረገችው። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ሲነሳ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጎን ቆመ፤ በጦርነቱ የተማረኩ መርከቦችና ጭነታቸው ሲሸጡ ወኪል ሆኖ እየሠራም ሀብት አካበተ። መቼም የሚያኮራ የሀብት ምንጭ ነው አልልም። የንጉሡ ወገን ሲሸነፍ የእሱም ንብረት አብዛኛው ቀረ። በ1783 ሚስቱን ይዞ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ። በተረፈችው ገንዘብም ትውልድ አካባቢው ላይ ርስት ገዛ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ማክአዳም አገሩ እንደገባ ከተሰማራባቸው ሥራዎች አንዱ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የማውጣት ንግድ ነበር። ሎርድ ዳንዶናልድ ከሚባል መኳንንት ጋር ሙርከርክ በምትባል ቦታ ምድጃ ተክለው ሬንጅ ያመርቱ ነበር። ሬንጁ የታሰበው ለመርከብ ነው፤ እንጨቱን ትል እንዳይበላው ለመቀባት። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን የመርከቦቹን ሆድ በመዳብ ማልበሱን መረጠ፣ ንግዱም እንደታሰበው አልሆነም። ሰውየው ሬንጅ በእጁ ነበረው፣ የመንገድ ነገርም ያንገበግበው ነበር፤ ሁለቱን ግን አላገናኛቸውም። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ዋና ዋና መንገዶች በኬላ የሚተዳደሩ ነበሩ። ፓርላማው ለአካባቢው ባላደራዎች ፈቃድ ይሰጣል፣ እነሱም ኬላ ተክለው ከተላላፊው ገንዘብ እየሰበሰቡ መንገዱን ይጠግናሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ደህና ነው። በተግባር ግን የመንገድ ተቆጣጣሪ ሆኖ የሚቀጠረው ብዙ ጊዜ ስለ መንገድ ምንም የማያውቅ የባላደራ ወዳጅ ወይም ዘመድ ነው፣ ሒሳቡም በቅጡ አይታይም። መንገዱ ሲበላሽ መፍትሔው ጋሪ ሙሉ ድንጋይ አምጥቶ ጉድጓዱ ላይ መድፋት ነበር። ትልቁ ከትንሹ፣ ድንጋዩ ከጭቃው ተደባልቆ ይፈሳል፤ የሠረገላ እግር ሲወጣበት ትልልቁ ይንከባለላል፣ ውኃ በመሐሉ ይገባል፣ በብርድ ጊዜ ውኃው በረዶ ሆኖ ያብጥና መንገዱን ከሥር ይፈነቅለዋል። ሕግ አውጪዎቹ ጥፋቱን ያደረጉት በጋሪዎቹ ላይ ነበር፤ የእግሩ ስፋት ይህን ያህል ይሁን፣ ጭነቱ ከዚህ አይብለጥ እያሉ ሕግ በሕግ ላይ ደረቡ።

ማክአዳም ራሱ በኤር አካባቢ ባላደራ ስለነበር ጉዱን ከውስጥ አይቶታል። በ1798 ለባሕር ኃይል ስንቅ አቅራቢ ወኪል ሆኖ ወደ ፋልመዝ ከሄደ በኋላ፣ እስከ 1814 ድረስ ባሉት ዓመታት፣ በራሱ ወጪ የብሪታንያን መንገዶች እየዞረ ተመለከተ። ወደ 30,000 ማይል ተጓዘ፣ ከ5,000 ፓውንድ በላይም ከኪሱ አወጣ። እኛ የመስክ ዘገባ ውጡ ስንባል የታክሲ የምናሰላ ሰዎች ይህን ቁጥር ቆም ብለን ብናየው አይከፋም።

ከዚያ ሁሉ ጉዞ በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ ከተለመደው ጋር የሚጋጭ ነበር። ጭነት የሚሸከመው ከላይ ያለው ድንጋይ ሳይሆን ከሥር ያለው የተፈጥሮ አፈር ነው፤ አፈሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ የፈለገው ጋሪ ቢሄድበት ይችለዋል። ስለዚህ የድንጋዩ ዋና ሥራ ጣሪያ መሆን ነው፣ ውኃ ወደ ታች እንዳይሰርግ መከልከል። መንገዱ ከአካባቢው መሬት ከፍ ይበል፣ ግራና ቀኝ ቦይ ይኑረው፣ መሐሉ በመጠኑ ይጉበጥ፤ 9 ሜትር ለሚሰፋ መንገድ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉብታ ይበቃዋል። በላዩ ንጹሕ የተሰበረ ድንጋይ ብቻ በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይነጠፍ። አፈር፣ ጭቃ፣ ኖራማ ድንጋይ አይቀላቀልበት። ማዕዘን ያለው ስባሪ ድንጋይ በጋሪ እግር ሲረገጥ እርስ በርሱ ይቆላለፍና አንድ ወጥ ገበታ ይሆናል። ጋሪውን ለመንገዱ ከማስተካከል መንገዱን ለጋሪው ማስተካከል ይሻላል፤ ጠቅላላ ክርክሩ ይኸው ነው።

ለእኔ ግን የማክአዳም ትልቁ ነገር ሐሳቡ ሳይሆን መለኪያው ነው። በመንገዱ ላይ የሚውል ድንጋይ ክብደቱ ከ6 አውንስ፣ ማለትም ከ170 ግራም አይብለጥ ብሎ ወሰነ። ተቆጣጣሪዎቹ ትንሽ ሚዛን ይዘው እንዲዞሩ አደረገ፤ ከክምሩ አንድ ድንጋይ ያነሳሉ፣ ይመዝናሉ፣ ከበለጠ ሥራው ይመለሳል። ሚዛን የሌለው ሠራተኛም መላ አላጣም። ድንጋዩ አፉ ውስጥ ከገባለት ልኩ ነው፣ ካልገባ ደግሞ ይሰበር። ጥርስ የሌለው ሠራተኛ ትልልቅ ድንጋይ እያሳለፈ ተገኘ የሚል ቀልድም ከዚሁ ጋር አብሮ ይነገራል። ቀልዱ ይቅርና ነገሩ ቀላል አይደለም። ዛሬ በየኮንትራቱ የምናየው ስፔሲፊኬሽንና ቴስት ማለት እኮ ይኸው ነው፦ ጥሩ ድንጋይ አምጣ ብሎ ከማዘዝ፣ ማንም ሰው ቆሞ ሊያረጋግጠው የሚችል ቁጥር መስጠት።

በ1816 የብሪስቶል ኬላ መንገዶች ተቆጣጣሪ ሆነ። አዲስ ድንጋይ ለማምጣት አልተጣደፈም፤ አሮጌውን መንገድ አስቆፍሮ፣ ትልልቁን ድንጋይ አስወጥቶ፣ እዚያው አስሰብሮ መልሶ አስነጠፈው። ወጪው ረከሰ። የሠለጠነና በቂ ደመወዝ የሚከፈለው ተቆጣጣሪ ይኑር፣ ሒሳብ በየጊዜው ይታይ ብሎም ሙጭጭ አለ። ሥራውን በ1816 እና በ1819 ባወጣቸው ሁለት መጻሕፍት አሰራጨ፣ ፓርላማ ፊትም እየቀረበ መሰከረ። ሦስት ወንዶች ልጆቹም በሙያው ተከተሉት። ከብዙ አካባቢ ባላደራዎች እየጠሩ ያማክሯቸው ጀመር። የፖስታ ሠረገላ በ1830ዎቹ ከለንደን ኤድንብራ በሁለት ቀን ገደማ ይደርስ የነበረው በእሱ ብቻ ነው ባይባልም፣ ድርሻው ትንሽ አልነበረም።

የማይነሳ አንድ ነገር አለ። ያንን ሁሉ ድንጋይ ማን ሰበረው? ማክአዳም ትንሽ መዶሻ ይዘው ተቀምጠው ቢሰብሩ ሴቶች፣ ልጆችና ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌዎችም መሥራት ይችላሉ አለ፣ እንዲሁም ሆነ። ለድሃ ቤተሰብ ገቢ ነበር። ግን የልጅ ጉልበት ነው፣ ስንጥሩም ዓይን ውስጥ የሚገባ ነው። በኋላ ድንጋይ መስበር በእንግሊዝ የእስረኛና የድሃ ማቆያ ቤት ሥራ ሆኖ ቀረ። በእኛም አገር መንገድ ዳር ተቀምጠው ጠጠር ሲፈልጡ የሚውሉ ሴቶችን ያየ ሰው፣ የማክአዳም ታሪክ የእነሱም ታሪክ መሆኑ አይጠፋውም።

ተቃዋሚም አላጣም። የዘመኑ ትልቅ መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ በእጅ ተደርድሮ መሠረት ካልሆነ መንገድ አይጸናም ባይ ነበር። የቴልፎርድ መንገድ ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ግን ይወደዳል፤ የማክአዳም ርካሽ ስለሆነ ተዛመተ። በ1823 አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በቡንስቦሮና በሄገርስታውን መካከል የመጀመሪያው የማክአዳም መንገድ ሲሠራ ያቺው የ6 አውንስ ደንብ ባሕር ተሻግራ ሄደች፤ ድንጋዩን በ2 ኢንች ቀለበት ማሳለፍም ተጨመረባት።

ገንዘቡን ግን መንግሥት በሙሉ አልመለሰለትም። ካወጣው ያነሰ ነው ያገኘው። የሰርነት ማዕረግ ሲሰጠው ሸምግያለሁ ብሎ አልተቀበለም፤ በ1834 ማዕረጉ ለልጁ ለጄምስ ሆነ። ማክአዳም በየዓመቱ በጋውን ስኮትላንድ ያሳልፍ ነበር። በኅዳር 1836 ከዚያ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሞፋት ላይ አረፈ፤ 80 ዓመቱ ነበር። መንገድ ላይ ሞተ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንገዱ ለፈረስ ሠረገላ በቂ ነበር። አውቶሞቢል ሲመጣ ግን የላስቲክ ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ደቃቁን እየመጠጠ ያወጣው ጀመር፤ አቧራው አገር አስጨነቀ፣ ገበታውም ተፈታ። ያኔ ነው ጠጠሩን የሚያጣብቅ ነገር የተፈለገው። ኤድጋር ሁሊ የሚባል የኖቲንግሃምሻየር የመንገድ ኃላፊ ሬንጅና የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ቀላቅሎ በ1902 የፈጠራ መብት አገኘበት። ከዚያ በኋላ ልኩ ከድንጋዩ አልፎ ወደ ማጣበቂያው ሄደ። የሬንጁ ጥንካሬ በ25 ዲግሪ ሙቀት 100 ግራም በተጫነባት መርፌ ለ5 ሴኮንድ ይለካል። ጠጠሩ ከብረት ኳሶች ጋር ከበሮ ውስጥ 500 ዙር ይሽከረከርና የደቀቀው ይመዘናል። ሚሲሲፒ ውስጥ ብሩስ ማርሻል በ1930ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ቴስት ደግሞ የተቀላቀለውን አስፋልት በ60 ዲግሪ አሙቆ እስኪሰበር ይጫነዋል። ከ1987 ጀምሮ በአሜሪካ የተካሄደው ጥናትም ሬንጁ ለሚነጠፍበት አገር ሙቀትና ብርድ ተለክቶ እንዲመረጥ አደረገ።

የሁሊ ምርት ታርማክ ተባለ፤ ታር ሬንጁ ነው፣ ማክ ደግሞ የእኛው ሰውዬ። የእንግሊዝኛ ዜና አንባቢዎች መሪዎች ከአውሮፕላን በወረዱ ቁጥር የሚያነሷት ቃል ይቺው ናት። ሙርከርክ ላይ ሬንጅ ሲያመርት የኖረው ማክአዳም በሕይወት ዘመኑ አንዲት ጠብታ መንገድ ላይ ሳያፈስ ሞቷል።