ራኒ ራሽሞኒ

ራኒ ራሽሞኒ (ሴፕቴምበር 28 ቀን 1793 – ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1861 እ.ኤ.አ.) በሕንድ አገር በቤንጋል የኖረች ባለርስትና በጎ አድራጊ፣ እንዲሁም የዳክሺነስዋር ካሊ ቤተ መቅደስ መሥራች ነበረች። ከዝቅተኛ የዘር መደብ ተወልዳ በካልካታ ከተማ ከታወቁት ሀብታሞች አንዷ ሆናለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ርስቱን ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ራሷ አስተዳድራለች። ለዓሣ አጥማጆች መብት ከእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጋር ያደረገችው ክርክርና የቤተ መቅደሷ ሥራ ስሟን እስከ ዛሬ አቆይቶታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ጋብቻ

ራሽሞኒ የተወለደችው ከካልካታ (የዛሬዋ ኮልካታ) በስተሰሜን፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር ካለችው ሃሊሻሃር አጠገብ፣ ኮና በምትባል መንደር ነው። ሁግሊ የጋንጌስ ወንዝ አንዱ ቅርንጫፍ ሲሆን የአገሩ ሰዎች እርሱንም ጋንጋ ብለው ያከብሩታል። ቤተሰቧ ድሃ ነበር። እናቷ የሞተችው ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነው። «ራኒ» ማለት ንግሥት ማለት ቢሆንም ራሽሞኒ ዘውድ የጫነች ንግሥት አልነበረችም። ስሙን እናቷ በልጅነቷ በፍቅር እንዳወጣችላት ይነገራል፤ በኋላም ሕዝቡ ስለ ሥራዋ በዚሁ ስም መጥራቱን ቀጠለ።

ወገኖቿ ካይባርታ ይባላሉ፤ በልማድ በእርሻና በዓሣ ማጥመድ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። የዘመኑ ብራህሚኖች (የካህናት መደብ) እነዚህን ሰዎች ሹድራ ከሚባለው ከታችኛው መደብ ይቆጥሯቸው ነበር። ይህ ነገር በኋላ ቤተ መቅደሱ ሲሠራ ትልቅ እንቅፋት ስለሆነ ከወዲሁ ማወቁ ይጠቅማል።

በ11 ዓመቷ የካልካታው የጃንባዛር ሰፈር ሀብታም ቤተሰብ ልጅ ለሆነው ለራጅቻንድራ ዳስ ተዳረች። ቤተሰቡ ዛሚንዳር ነበር። ዛሚንዳር ማለት ከገበሬው ግብር ሰብስቦ የተወሰነውን ለመንግሥት የሚያስገባ፣ የቀረውን ለራሱ የሚያስቀር ባለርስት ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጉልተኛን ቢያስታውስም ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የዛሚንዳር ርስት ይሸጥ ይለወጥ ነበር፣ ግብሩን በቀኑ ያላስገባም ርስቱ በጨረታ ይሸጥበት ነበር። ስለዚህ የራሽሞኒ ልግስና ሁሉ የተከፈለው ከገበሬው ላብ በመጣ ገንዘብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ባልና ሚስቱ አራት ሴት ልጆች ወለዱ፤ ፓድማሞኒ፣ ኩማሪ፣ ካሩናሞዪና ጃጋዳምባ ይባላሉ። በ1830 በራጅቻንድራ ወጪ የተሠራው ባቡ ጋት ዛሬም በኮልካታ ቆሞ ይገኛል። ጋት ሰዎች ለመታጠብና ለጸሎት ወደ ወንዙ የሚወርዱበት የድንጋይ ደረጃ ነው።

ባልቴቷ ባለርስት

ራጅቻንድራ በ1836 ሞተ። ባሏ የሞተባት ሴት በባሏ አስከሬን ላይ በእሳት እንድትቃጠል የሚያደርገው የሳቲ ልማድ በቤንጋል በሕግ ከታገደ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ባልቴት ነጭ ለብሳ፣ ከሰው ተገልላ እንድትኖር ይጠበቅባታል። ራሽሞኒም የባልቴትን ጾምና ጸሎት አልተወችም፤ የርስቱን ሥራ ግን ለወንድ ዘመድ አላስረከበችም። በዚህ ሥራ ዋና ረዳቷ የሦስተኛ ልጇ የካሩናሞዪ ባል ማቱር ሞሃን ቢስዋስ ነበር። ካሩናሞዪ ስትሞት ማቱር የመጨረሻዋን ልጅ ጃጋዳምባን አገባ፤ ስለዚህ ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ።

የዓሣ አጥማጆቹ ግብር

ስለ ራሽሞኒ ከሚነገሩት ሁሉ በጣም የታወቀው ይህ ነው። ኩባንያው የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች የመርከቦችን መንገድ ይዘጋሉ በማለት በሁግሊ ላይ ዓሣ በሚያጠምዱት ላይ ግብር ጣለ። አጥማጆቹ አቤት ቢሉ የሚሰማቸው አጡና ወደ ጃንባዛር ሄዱ። ራሽሞኒ አቤቱታ አልጻፈችም። ከጉሱሪ እስከ መቲያብሩዝ ያለውን የወንዙን ክፍል በ10,000 ሩፒ ከራሱ ከኩባንያው ተከራየች። ውሉ በእጇ ከገባ በኋላ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በብረት ሰንሰለት አሳጠረችና አጥማጆቹ ከሰንሰለቱ ውስጥ መረባቸውን እንዲጥሉ አደረገች።

ካልካታ በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ ሕንድ ዋና ከተማና ትልቅ ወደብ ስለነበረች መርከቦች ወዲያው ተከማቹ። ኩባንያው ምክንያቱን ሲጠይቅ የሰጠችው መልስ በኩባንያው ሕግ ላይ የቆመ ነበር፦ ወንዙን የተከራየችው ለዓሣ ነው፤ መርከቦች ሲመላለሱ ዓሣው ይሸሻል፣ ገቢዋም ይጎዳል፤ ተከራይ ደግሞ የተከራየውን የመጠበቅ መብት አለው። ኩባንያው ወይ የራሱን ውል ማፍረስ ወይ ግብሩን ማንሳት ነበረበት። በመጨረሻ ግብሩ ተነሣ፣ የኪራዩ ገንዘብም ተመለሰላት።

ሌላ ጊዜ የዱርጋ በዓል ሲከበር የቤቷ ሰዎች በማለዳ ከበሮ እየመቱ ወደ ወንዙ ሲወርዱ እንግሊዞች እንቅልፍ አጣን ብለው ከሰሷት፤ 50 ሩፒም ተቀጣች። ቅጣቱን ከፈለች። ቀጥላም ከጃንባዛር እስከ ባቡ ጋት ያለው መንገድ በቤተሰቧ ርስት ላይ ያለ ስለነበር ግራና ቀኙን አሳጥራ ለሠረገላ ዘጋችው። ባለሥልጣኖቹ ቅጣቱን መለሱላት። ዘዴው ከወንዙ ጋር አንድ ነው፤ የሰጧትን ወረቀት መልሳ ታሳያቸዋለች።

ለሕዝብ ያደረገችው

ወደ ፑሪ ከተማ፣ ወደ ጃጋናት ቤተ መቅደስ ለሚሄዱ ተሳላሚዎች ከሱባርናሬካ ወንዝ ጀምሮ መንገድ አሠርታለች። በካልካታም የአሂሪቶላና የኒምታላ ጋቶች ሥራ በስሟ ይነገራል። ዛሬ ፕሬዚደንሲ ዩኒቨርሲቲ ለሆነው ለሒንዱ ኮሌጅ ገንዘብ ሰጥታለች። በምሥራቅ ቤንጋል ባለው ርስቷ የማዱማቲና የናባጋንጋ ወንዞችን የሚያገናኝ ቦይ አስቆፍራለች፤ እንዲሁም ገበሬዎችን በግድ ኢንዲጎ (የሰማያዊ ቀለም ተክል) የሚያዘሩ ነጭ ነጋዴዎችን ከርስቷ መግታቷ ይተረካል።

የዳክሺነስዋር ቤተ መቅደስ

በ1847 ራሽሞኒ ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ወደ ባናራስ (ቫራናሲ) ለመሳለም ተነሣች። ዘመዶች፣ አገልጋዮችና ስንቅ የሚጫንባቸው 24 ጀልባዎች ተዘጋጁ። በጉዞው ዋዜማ ሌሊት ካሊ የምትባለው አምላክ በሕልም ተገልጻ ወደ ባናራስ መሄድ እንደማያስፈልጋት፣ በዚሁ በጋንጋ ዳር ቤተ መቅደስ እንድታሠራላት ነገረቻት ይባላል። ጉዞው ቀረ።

ከከተማው በስተሰሜን በዳክሺነስዋር መንደር 20 ኤከር (8 ሄክታር ያህል) መሬት ከአንድ እንግሊዛዊ ገዛች። የመሬቱ ከፊል የድሮ የእስላም መቃብር ሲሆን ቅርጹም የኤሊ ጀርባ ይመስል ነበር፤ ይህ ዓይነት መሬት በታንትራ ሥርዓት ለካሊ አምልኮ ተስማሚ ተብሎ ይታመናል። ሥራው ስምንት ዓመት ፈጀ። ዋናው ቤተ መቅደስ ዘጠኝ ጉልላት አለው፤ ቁመቱም 30 ሜትር ያህል ነው። በወንዙ ዳር 12 ተመሳሳይ የሺቫ ቤተ መቅደሶች በተርታ ቆመዋል፤ ለራዳና ክሪሽናም ሌላ አንድ አለ። ወጪው 900,000 ሩፒ ያህል እንደነበር ይነገራል።

ችግሩ የመጣው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው። ሹድራ ባሠራችው ቤት ውስጥ የሚያገለግል፣ ለጣዖቱ የበሰለ ምግብ የሚያቀርብ ብራህሚን ጠፋ። ራሽሞኒ ወደ ልዩ ልዩ ሊቃውንት ብትልክም መልሱ አንድ ሆነ፤ አይቻልም። በካልካታ ትንሽ የሳንስክሪት ትምህርት ቤት የነበረው ራምኩማር ቻቶፓድያይ ብቻ ከመጻሕፍቱ ውስጥ መውጫ አገኘ። ባለቤቲቱ ቤተ መቅደሱን አስቀድማ ለአንድ ብራህሚን በስጦታ ብትሰጥና እርሱ ጣዖቱን ቢተክል ሕጉ አይፈርስም ብሎ ፈረደ። እርሷም በመንፈሳዊ አባቷ ስም አድርጋ ሰጠች፤ በሜይ 31 ቀን 1855 ቤተ መቅደሱ ተመረቀ። በገንዘቧ የሠራችውን ቤት ለማስከፈት በወረቀት ለሌላ ሰው መስጠት ነበረባት።

ካህን ሆኖ የተሾመው ራሱ ራምኩማር ነው። አብሮት የመጣው የ19 ዓመት ወንድሙ ጋዳዳር ግን መጀመሪያ ላይ የቤተ መቅደሱን ምግብ አልበላም ብሎ በወንዙ ዳር ለብቻው እያበሰለ ይበላ ነበር። ይህ ወጣት በኋላ ራማክሪሽና ተብሎ የታወቀው፣ የቪቬካናንዳ መምህር የሆነው ሰው ነው። ወንድሙ በ1856 ሲሞት የካሊን አገልግሎት እርሱ ያዘ። የአምልኮ አኳኋኑ ከተለመደው ሥርዓት የወጣ ስለነበር ሠራተኞቹ አብዷል ብለው ቢከሱትም ራሽሞኒና ማቱር እንዳይነኩት አዘዙ። አንድ ቀን በፊቷ ሲዘምር ራሽሞኒ ሐሳቧ ወደ አንድ የፍርድ ቤት ክርክር ሄደባት፤ ራማክሪሽናም በዚህ ስፍራም ይህን ታስቢያለሽ ብሎ በጥፊ መታት። ሠራተኞቹ ሊይዙት ሲሮጡ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ተናግራ አስቆመቻቸው ተብሎ በራማክሪሽና የሕይወት ታሪክ ውስጥ ተጽፏል።

የውርስ አስተዳደሩና የልጆቿ ክርክር

ቤተ መቅደስ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የዕለት ምግቡን፣ የካህናቱን ደመወዝና የድሆቹን መብል ለዘለዓለም ማቆም ሌላ ነው። ራሽሞኒ ለዚህ በ1855 በሰሜን ቤንጋል በዲናጅፑር አውራጃ 226,000 ሩፒ የሚያወጣ ርስት ገዛች፤ የርስቱ ገቢ ለቤተ መቅደሱ እንዲውል ነበር። በሕጉ መሠረት ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው ሰባይት ይባላል። ሰባይት የንብረቱ ባለቤት አይደለም፤ ባለቤቷ አምላኪቱ ናት፣ እርሱ ያገለግላታል፣ ኃላፊነቱም በዘር ይወርዳል።

ይሁን እንጂ የስጦታውን ሰነድ ለብዙ ጊዜ አልፈረመችም ነበር። በ1861 በጠና ታማ ሳለች፣ በሕይወት የነበሩት ሁለቱ ልጆቿ በርስቱ ላይ ጥያቄ እንዳያነሡ በፊርማ እንዲያረጋግጡላት ፈለገች። ታናሺቱ ጃጋዳምባ ፈረመች፤ ታላቂቱ ፓድማሞኒ እምቢ አለች። ራሽሞኒ ፌብሩዋሪ 18 ቀን ሰነዱን ፈርማ በማግሥቱ ሞተች። 68 ዓመት አልሞላትም ነበር።

ማቱር ቤቱንም ራማክሪሽናንም እስከ ሞተበት እስከ 1871 ድረስ ተንከባከበ። እርሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1872፣ ፓድማሞኒ ጃጋዳምባን በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰች። የሰባይትነቱ ጉዳይ ከዚያም በኋላ በተወላጆቿ መካከል ፍርድ ቤት መመላለሱ አልቀረም።

መታሰቢያ

በኮልካታ መካከል አንድ ሰፊ መንገድ በስሟ ይጠራል፤ የሕንድ ፖስታ ቤትም የመታሰቢያ ቴምብር አውጥቶላታል። ከ2017 ጀምሮ ሕይወቷን የሚተርክ ተከታታይ ድራማ በቤንጋልኛ ቴሌቪዥን ቀርቧል። በ2018 የሕንድ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አንዱን ፈጣን የቅኝት መርከቡን ራኒ ራሽሞኒ ብሎ ሰይሞታል፤ መርከብ በማስቆም ለታወቀች ሴት የተሰጠ መርከብ መሆኑ ነው።